የላም ራስ ቅል የቆመበት ጓሮ

ውሻም አለኝ፣ የጓሮ አትክልትም አለኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከሁለቱ አንዱን ዋሽቷል። ወይ ውሻው የጎረቤት ነው፣ ወይ ጎመኑ የገበያ ነው። ሁለቱን በአንድ ግቢ ውስጥ በሰላም አኖራለሁ ማለት ድመትና አይጥን አንድ ማኅበር አስጠጣለሁ እንደ ማለት ነው... ጽዋው ሳይዞር ከማኅበርተኛው አንዱ ይጎድላል!

«እሷ ደግሞ ስለ ጎመን ምን ታውቃለች?» እንዳትሉኝ። አውቃለሁ። ከፋሲካ ወዲህ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው፤ እኔና እዚህ ደብረ ማርቆስ ያለው ሰፈራችን።

ውሻዬ «ምን ቸገረው» ይባላል። መቼም በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ሰው በአፉ ሊናገረው ያልደፈረውን ለውሻው ስም ያደርገውና ማለዳ ማለዳ በአጥር ላይ ይጣራል። እኔ ግን ማንንም ለመንካት ብዬ አላወጣሁትም። ቡችላ ሳለ አንድ ቀን መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ ነጠላ ጫማዬን ከእግሬ ሥር እየበላው ደረስኩበት። «አንተ!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ የተጻፈውን አነበብኩና ስሙ አደረግሁት፤ በቃ።

ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ «ዝም በሉ!» ስል እውልና ማታ ስገባ ዝም ያለ ቤት ይቀበለኛል። ስለዚህ የሚጮኽልኝ ያስፈልገኛል። ምን ቸገረው ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል። ሌባ መጥቶ አያውቅም። ቢመጣም ምን እንደሚለው ስሙ ይነግራችኋል።

እንዲህ ተቻችለን ስንኖር እናቴ መጣች።

እናቴ እናኑ ትባላለች፤ ቤቷ ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል ገጠር ውስጥ ነው። ከምንጭ ውኃ ተሸክማ ስትመለስ ዳገቱ ላይ አዳለጣትና ወደቀች፤ ዳሌዋን ተጎዳች። ሐኪሙ መረመራትና፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ጀሪካን የሚባል ነገር ጀርባዎን እንዳይነካ። ሲሄዱም በትር ይያዙ። ሁለተኛ ከወደቁ አይነሡም» አላት። እናቴም «እሺ» አለች። ሐኪሙ ደስ ብሎት ሸኘን። የእናቴን እሺ ስለማያውቀው ነው! እኔ አውቀዋለሁ። የእናቴ እሺ «ጨርሰሃል?» ማለት ነው።

ወንድሜ ያረጋል እዚያው ቀዬ ያርሳል። «እሱ ቤት ሁኚ» ብትባል፣ «ከምራት ጋር? ገዳም ይሻለኛል!» አለች። ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣች። መጣችና ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አጥሩን ታየው ጀመር።

«እዚህ ቤት ሥራ የለም?» አለችኝ።

«ሥራሽ ማረፍ ነው፣ እማ።»

«ያረፈማ የሞተ ነው!»

በትር ገዛሁላት፤ «ምን አረጀሁና!» ብላ ከበር ጀርባ አቆመችው። ግድግዳ ግድግዳውን እየተደገፈች ትሄዳለች እንጂ አትነካውም። እያደር ደግሞ ዕቃዋን መሰብሰብ አመጣች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጨርቆቿን ታጥፋለች፣ ትቋጥራለች። «ክረምቱ ሳይገባ ቤቴ ልግባ፣ ጣራው ያፈሳል፣ ያቺ በግ ትወልዳለች...» በጓ እኮ ተሽጣለች! ገብቷችኋል መቼም፤ ይህች ሴት ከሄደች ውላ ሳታድር ጀሪካኗን አዝላ ያንኑ ዳገት ልትወጣ ነው። እኔም ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የጓሮ አትክልት አሳብ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። ገበሬን ምን ያስቀምጠዋል? መሬት! ከቤቴ ጀርባ የፌስታልና የጠርሙስ ስባሪ የተኛባት አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረችኝ። «እማ፣ ጓሮውን እናልማው እንዴ?» ስላት ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ላይ ዓይኗን ነቅላ አየችኝ።

«ማን? አንቺ?»

«አንቺ ታዥኛለሽ፣ እኔ እቆፍራለሁ።»

«እሺ» አለች... ግን ይቺኛዋ እሺ ትንሽ ለየት ትላለች።

እኔ እንግዲህ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎኝ በጎን ነበር የምቀመጠው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የተጻፈ ነገር ያምናል። ልጅ ሆኖ የተማረማ መጽሐፍን እንደ ወንድሙ ይከራከረዋል። እኔ ግን «በችግኝና በችግኝ መካከል አንድ ክንድ ይሁን» የሚል ካነበብኩ ክንዴን ዘርግቼ እለካለሁ፤ የማን ክንድ እንደሆነ ስላልተጻፈም እጨነቃለሁ። ስለ ጓሮ አትክልት የሚያወራ መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወጣሁና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ጎመን ቅማል ይናገራል፣ ስለ ዋግ ይናገራል፣ ስለ በረዶ ይናገራል። ስለ ውሻ ግን አንዲት ቃል የለውም! ውሻ በሌለበት አገር የተጻፈ መሆን አለበት።

ስለዚህ የውሻውን ክፍል እኔው ራሴ አሰብኩበት። ማታ ሲፈታ የሚሄድበትን መንገድ አጠናሁና በመደቦቹ መካከል መተላለፊያ ተውኩለት፤ ሰው እንኳ በሰፈራችን እንዲህ ያለ መንገድ አላገኘም! መቆፈር ለሚወድ እግሩም ከጥግ አሸዋ ደፋሁለት። «እዚህ ቆፍር» አልኩት። ሄዶ ተኛበት። መተላለፊያውንም አየው፣ አሸተተው፣ እግሩን አንሥቶ ባረከው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልሄደበትም።

እናቴ ገመድ ዘርግቼ ስለካ እያየች፣ «ጎመን ነው የምትተክዪው ቀሚስ ነው የምትሰፊው?» ትለኛለች።

«መስመር ካልያዘ አያምርም፣ እማ።»

«ጎመን መልክ ምን ያደርግለታል? ሊዳር ነው?»

ቢሆንም ተነሥታ መጣች! ፍግ አስመጣች፣ አፈሩን በእጇ ፈረፈረች፣ የእኔን አቆፋፈር አይታ አማተበች። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም... ሁሉም በየመስመሩ ገባ። የዚያን ቅዳሜ ቋጠሮዋን አልነካችም። እኔም በልቤ ድል አደረግሁ ብዬ እንጀራዬን በደንብ በላሁ።

በማግሥቱ፣ «አሁን አንድ ነገር ቀርቷል» አለችኝ።

«ምን?»

«የዓይን መመለሻ። የከብት ራስ ቅል ፈልገሽ አምጪ፤ በአጣና ላይ እናቆመዋለን። የሰው ዓይን ሲመጣ አስቀድሞ እሱ ላይ ያርፋል፣ ጎመኑ ይተርፋል።»

«እማ፣ ገና እኮ አልያዘም! የሌለ ጎመን ማን ያያል?»

«ከያዘ በኋላማ ምን ዋጋ አለው? ቤት ከተሰረቀ በኋላ ነው በር የምትዘጊው?»

ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሴት ራስ ቅል ፍለጋ ስትዞር ምን ትመስላለች? እሺ አልኩ፤ ምን ላድርግ። «እናቴን የሚያቆያት ከሆነ እንኳን የላም፣ የዝሆንም አመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሰፈሩ ለፋሲካ ቅርጫ ካረደበት ሜዳ ዳር ቀንዱ ያልተነቀለ የላም ራስ ቅል አገኘሁ። ፌስታል አልችል ስላለው መጽሐፍ በምይዝበት ቦርሳ ከተትኩት። ቀንዶቹ ግን ውጭ ቀሩ። ባጃጅ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ጥቂት ታገሡና፣

«እመቤት፣ ቦርሳሽ ወጋኝ» አሉኝ።

«ይቅርታ እማማ፣ ቀንድ ነው።»

«የምን?»

«የላም።»

ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየኝ። «እታለም፣ ላሟ ወርዳለች እንዴ? ልቁም?»

እንዲህ ተቀልዶብኝ ቤት ደረስኩ። እናቴ ራስ ቅሉን አገላብጣ አየችና፣ «ጥሩ ነው። ከመንገድ በኩል፣ ከአጥሩ ጥግ አቁሚው» አለች። እዚህ ላይ ነው ጉዱ የመጣው። በእኔ አሠራር ጥጉ የጤና አዳም ነው። ገመዱን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ወጠርኩና የሚገናኝበትን ነጥብ አገኘሁ፤ ልክ መሀል! አጣናውን እዚያ ተከልኩት።

«ምነው ከመሀል?»

«ከመሀል ሲሆን ለአራቱም ማዕዘን እኩል ይደርሳል።»

«ቡዳ በማዕዘን ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችና ተወችኝ። መማሬን ይቅር አለችኝ መሰለኝ።

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፊታቸውን አጥቁረው።

«እንዴት አደራችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። ይግቡ።»

«አልገባም። ልጄ፣ ጎመናችሁን አየሁት እንዴ?»

«ኧረ እትዬ! ገና አልያዘም!»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ገና ሳይዝ ነው እኔን የጠረጠራችሁኝ?»

ለካ ራስ ቅሉን ሳቆመው ፊቱን ወደ እሳቸው መስኮት አዙሬዋለሁ! ሁለቱ የዓይን ጉድጓዶች ጓዳቸውን ቁልጭ አድርገው ያያሉ። የዓይን መመለሻ ያለው ሰው መቼም ዓይን ከየት እንደሚመጣ ያውቃል ማለት ነው... ወይ ጣጣ! ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሮጥኩ፣ አዞርኩት። ወደ ምዕራብ።

በምዕራብ በኩል ጋሽ ደምሌ አሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ ቁጥብ ሰው። እሳቸው በር አላንኳኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን በአጥራችን በኩል ሲያልፉ ጃንጥላቸውን በጎን ዘርግተው ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ፀሐይ የለም፣ ዝናብ የለም። «ጋሽ ደምሌ፣ ምነው?» ብላቸው ከጃንጥላው ጀርባ፣ «ጎመናችሁን እንዳላይባችሁ ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ።

አዞርኩት። ወደ መንገዱ። በመንገዱ ደግሞ የሰፈራችን ቄስ አለፉ። ቆሙ። ራስ ቅሉን አዩ፣ እኔን አዩ። «ያነበብሽው መጽሐፍ ሁሉ እዚህ ነው ያደረሰሽ?» ብለውኝ ሄዱ። ይኼ ይበልጥ አመመኝ።

ምን ቀረ? የራሳችን ቤት! ፊቱን ወደ እኛው አዞርኩትና ሰፈሩ ታረቀን። ከዚያ በኋላ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ባነበብኩ ቁጥር የላም ራስ ቅል ያፈጥብኛል። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር ቀና እላለሁ... አለ።

እንግዲህ ወሩ ጾመ ሐዋርያት የገባበት ነው። ምን ቸገረው ከእኔ ጋር የሚኖር ውሻ እንደመሆኑ ሳይወድ በግድ ጾመኛ ነው። ሽሮ በዘይት ብቻ መላስ ከጀመረ ስንት ጊዜው! አጥንት የሚባል ነገር ከሕልሙ ጠፍቷል። እንዲህ በሆነበት ሰዓት ከጓሮው መሀል፣ በአጣና ጫፍ፣ በክብር የተሰቀለ የላም ራስ! ቀን በሰንሰለቱ ላይ ሆኖ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ። ጆሮውን አቆመ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ምራቁን ዋጠ። በዘመኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ የተመሰጠ አንባቢ አላየሁም።

«አየሽው?» አለች እናቴ። «ይሳለመዋል!»

ያኔ ያላሰብኩትን ለምን አላሰብኩም አትበሉኝ። መጽሐፉ ላይ አልነበረማ!

ሲመሽ ፈታሁት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶች። የኔው በቀደደው የገባው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ነው። የመጀመሪያው ወንጌል ሰባኪ እሱ፣ ተከታዮቹ ደግሞ የት እንደነበሩ የማላውቃቸው፣ ጆሮ የሌላቸው፣ ጭራ የሌላቸው፣ ባለቤት የሌላቸው። ጠዋት በሩን ስንከፍት መደብ የለም፣ ቦይ የለም፣ መስመር የለም። ውሾቹ አጣናውን ከበው እየዘለሉ ሲቆፍሩ አድረዋል። ራስ ቅሉ ከመሀል ስለቆመም ጥፋቱ ልክ እንዳልኩት ነው፤ ለአራቱም ማዕዘን እኩል ደርሷል!

እናቴን አየኋት። ልታለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። ወደ ቋጠሮዋ ልትሄድ ነው ብዬ ይበልጥ ፈራሁ። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገባች፣ በርበሬ በጥብጣ ወጣች፣ ራስ ቅሉን ከአፍንጫ እስከ ቀንድ ቀባችው።

«አሁን ይምጣ!»

መጣ። ላሰ። አስነጠሰው። እንደገና ላሰ። በርበሬ ለለመደ የሐበሻ ውሻ አጥንት በበርበሬ ጥብስ ማለት እንጂ ቅጣት ማለት አይደለም! እናቴ ይህን ስታይ በሕይወቷ ያልተናገረችውን ተናገረች፦ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ታዲያ ተቀብቶ፣ ተልሶ፣ ላልቶ የነበረው ራስ ቅል በማግሥቱ ከአጣናው ላይ ጠፋ። «እሰይ፣ ተገላገልን» ብዬ ሳልጨርስ ከእትዬ ውድነሽ ደጅ «በስመ አብ ወወልድ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ቅዳሴ ሊሄዱ በራቸውን ሲከፍቱ ደፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በርበሬውን እንደ ተቀባ፣ ቀንዱን አቁሞ ያያቸዋል! ምን ቸገረው ሊደብቀው ወስዶ ደክሞት ይሁን፣ የእኔን ይቅርታ ጠይቆልኝ ይሁን... አላውቅም።

እናቴ ከእኔ ቀድማ ወጣች። እስከዚያ ድረስ የምትደገፈው ግድግዳ ስላልነበረ ከበር ጀርባ ያለውን በትር መንጭቃ ነው የወጣችው።

«ውድነሽ፣ በማርያም! ውሻ ነው ያመጣው!»

«ውሻውን ማን አመጣው?»

«ይቺ ልጅ!»

«ራስ ቅሉንስ ማን አመጣው?»

«ይቺው ልጅ!»

እትዬ ውድነሽ አዩኝ። እናቴ አየችኝ። እኔ ቆሜ ምድሩን አየሁ። አንዷ ፈገግ አለች መሰለኝ፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ደጃፍ ላይ ተደጋግፈው ሲስቁ ቅዳሴው አለፋቸው። በማን ሳቁ? ተዉት።

ሳቁ ሲያበቃ ግን እናቴ ወደ ግቢ ተመልሳ ምን ቸገረው ፊት ቆመች። በትሩን መሬት ላይ ተከለችው።

«ስማ» አለችው። «እኔ ጅብ ከበጎቼ በረት ያባረርኩ ሴት ነኝ። ዝንጀሮ ከማሽላዬ ያባረርኩ ሴት ነኝ። አንተ ሽሮ በሊታ! ጎመኔን እንደገና እተክለዋለሁ። ትነካውና እንተያያለን።»

ምን ቸገረው ጆሮውን አከከ።

ራስ ቅሉን እኔ ከሰፈር አርቄ ጣልኩት፤ ጦርነቱ ግን ተጀመረ። ጎመኑ እንደገና ተተከለ። እናቴ በመደቦቹ ዙሪያ የአጋም እሾህ ደረደረች፤ ውሻው እሾኹን በጥርሱ እየጎተተ ማውጣት ተማረ። እሾኹን በድንጋይ አስያዘችው፤ ከሥሩ ቆፈረ። አመድ ነሰነሰች፤ ተንከባለለበትና ነጭ ሆኖ መነኩሴ መስሎ ወጣ። ማለዳ ከእኔ ቀድማ ተነሥታ በትሯን ይዛ ጓሮውን ትዞራለች፣ ያደረሰውን ጥፋት ትመረምራለች፣ ከዚያም ውሻው የታሰረበት ድረስ ሄዳ ፍርድ ትሰጣለች።

«ዛሬ ደግሞ ቃሪያው ምን አደረገህ? ቃሪያ ትበላለህ? አትበላም! ታዲያ ለምን? እናትህ ማናት? ማነው እንዲህ ያሳደገህ?» ትለውና ወደ እኔ ዞር ትላለች።

ሥራ ቦታ ሆኜ እናቴ ምን ትሆን ብዬ የምጨነቀው ቀረ። ምሳ ሰዓት ስመጣ ድምፅዋ ከመንገድ ይሰማኛል። ውሻውን ትዘልፈዋለች፣ ትመክረዋለች፣ የአገሩን ዜና ትነግረዋለች፣ የምራቷን ሐሜት ታጫውተዋለች። አንዳንዴ መልስ የጠበቀች ይመስል ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ከሁሉ የገረመኝ በትሩ ነው። «ለውሻው ነው» ትላለች። ግን ተደግፋው ትቆማለች፣ ተደግፋው ትጎነበሳለች፣ ተደግፋው እትዬ ውድነሽ ቤት ደርሳ የውሻውን ጥፋት ከሥር ከመሠረቱ ታስረዳለች። ሐኪሙ ያላሳመናትን ምን ቸገረው አሳመናት!

ያረጋል በመሀል ደወለ።

«እማ፣ መቼ ልምጣና ልውሰድሽ? ዝናቡ እኮ ሊጠና ነው።»

«አሁን? ጥዬው? ኧረግ! አሸነፍኳት ብሎ ሊኮራ?»

«ማን?»

«ምን ቸገረው!»

ወንድሜ የውሻውን ስም አያውቅም። «እኔማ... ምንም አልቸገረኝም እማ፣ አንቺ ካልሽ» ብሎ ዘጋው።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ነሐሴ ላይ ጎመኑ ጉልበት አወጣ። ቃሪያው አበበ። ጤና አዳሙ ለእትዬ ውድነሽ ተርፎ ለጋሽ ደምሌም ደረሰ፤ ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ «እንግዲህ ባየውስ?» ብለው በአጥር ላይ ተቀበሉኝ። ራስ ቅል የለም፣ ዓይንም የለም። የሆነ ቀን ጠዋት ደግሞ እናቴ ጓሮውን ዞራ ምንም ጥፋት አጣች። በማግሥቱም አጣች። ምን ቸገረው ከሰንሰለቱ ሲፈታ በመደቦቹ ዳር ዳር፣ እኔ ድሮ በለካሁለት መተላለፊያ፣ እንደ ጨዋ ሰው ቀስ ብሎ እየሄደ ደጃፍ ላይ ይተኛል። ገብቶታል። ተሸንፏል።

እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። ሞኝ!

እናቴ አላጨበጨበችም። የመጨረሻውን መደብ ነጭ ሽንኩርት ተከለችበት፣ እጇን ታጠበች፣ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፣ አጥሩን አየች።

«እንግዲህ ሰው ሆኗል» አለች።

«አዎ እማ! አንቺ እኮ ነሽ ያስተካከልሽው!»

«አዎ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ታዲያ እዚህ ምን እሠራለሁ? ለመስቀል ቤቴ ልግባ። ያረጋል ይምጣ።»

ቅዳሜ ቋጠሮው ወጣ። ጨርቆቹ ታጠፉ። በትሩ ከበር ጀርባ ተመልሶ ቆመ። ውሻውን አለፈችው፤ ዝም ብላ፣ ሳትሰድበው! ውሻው ራሱ ግራ ተጋባ፤ ተነሥቶ ሰንሰለቱ እስከሚፈቅድለት ድረስ ተከተላት። እኔ ያረጋል መኪና እንደተከራየ ስሰማ ያ ዳገት ታየኝ፤ ጀሪካኑ፣ ጭቃው፣ የሐኪሙ «ሁለተኛ ከወደቁ አይነሡም።»

እዚህ ላይ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለምኜያት ነበር፤ «እሺ» ብላኛለች፤ ያችን እሺዋን። አልቅሼባት ነበር፤ «አይዞሽ፣ እየመጣሁ አይሻለሁ» ብላኛለች። መጽሐፍ? መጽሐፉ ስለ ውሻ የማያውቅ ስለ እናት ምን ያውቃል!

ለእንቁጣጣሽ የታረደው በግ አንድ ቅልጥም ተርፎ ነበር። እናቴ ጸሎት ላይ ስትሆን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዶማ አልያዝኩም፤ ድምፅ አለው። በጣቴ ቆፈርኩ። ነጭ ሽንኩርቱ መደብ ውስጥ፣ ከሁለተኛው መስመርና ከሦስተኛው መካከል፣ ብዙም ሳላጠልቅ ቀበርኩት። ልማድ አይለቅም መቼስ፤ ከቀበርኩት በኋላ አፈሩን በክንዴ ለክቼ አስተካከልኩት። ከዚያ ሄጄ ሰንሰለቱን ፈታሁ።

«ሂድ» አልኩት በጆሮው።

አልሄደም! አየኝ። የተማረ ውሻ ሆኗላ! መደቡን አየ፣ እኔን አየ፣ በትሩ የቆመበትን በር አየ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ፍጥረት ማሳሳት ከባድ ኃጢአት መሆኑ ገብቶኛል። አንገትጌውን ይዤ ወሰድኩት፣ አፍንጫውን አፈሩ ላይ ደፋሁት። ከዚያ በኋላ የማንም እርዳታ አላስፈለገውም።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው።

«አንተ የተረገምክ! አንተ ከሃዲ! አንተ ሆዳም! ሰው ሆነ ብዬ ስላመሰገንኩህ!»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ስድብ የለም። ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ነጭ ሽንኩርቱ በየአቅጣጫው ተበትኗል። እናቴ ከመሀሉ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሳይሸፈን፣ በትሯ በእጇ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ እያበራ። በቆመችበት አሥር ዓመት ቀንሳለች።

«አየሽልኝ? አየሽልኝ ያደረገውን?»

«አየሁ፣ እማ። አይ ውሻ!»

«ለያረጋል ደውይለት።»

«ምን ልበለው?»

«መኪናውን መልስ በይው! ይኼን ሌባ እንዲህ አድርጌ ትቼው የትም አልሄድም። ዘንድሮ አይደለም!»

ስልኬን ለማምጣት ስዞር ምን ቸገረው ከደጃፉ ላይ ቅልጥሙን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም አተያይ። እኔም ዓይኔን ሰብሬ ወደ ቤት ገባሁ። ምስክር እንዲናገር ያላደረገ አምላክ ይመስገን!

ነጭ ሽንኩርቱስ አላችሁኝ? ኧረ ተዉኝ እቴ... ነጭ ሽንኩርት ገበያ ሞልቷል!